እንባ የሌለው ለቅሶ

ልጅ ሳለሁ፣ አዋሽ ከተማ ውስጥ፣ ከመግሪብ በኋላ ያለው ሰዓት የጋሽ ሰይድ ነበር። ጋሽ ሰይድ የእናቴ አጎት ናቸው፤ ከወሎ ወጥተው ዕድሜያቸውን በጥጥ እርሻ ትራክተር ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እኛ ጋር መኖር ጀመሩ። እናቴ ለከባድ መኪና ሹፌሮች ሻይና ፍርፍር የምትሸጥባት ቤት ስትዘጋ፣ የምድጃው ፍም ገና ሳይከስም ግቢው ውስጥ ሰሌን ይነጠፋል፤ መብራት ከሄደም (ያኔ የማይሄድበት ቀን አልነበረም) የደከመች የሶላር መብራት ፊታቸውን ከታች ደብዘዝ አድርጋ ታሳየናለች፤ የከሰሉ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን እኔና ታናሽ ወንድሜ ኑሩ አፋቸውን እናያለን።

ኑሩ ሦስት ዓመት አልሞላውም። የሚወደው ተረት አንድ ብቻ ነበር፤ የአዋሽ ወንዝ ሞልቶ ከእናቷ የለያት የፍየል ግልገል ተረት። ግልገሏ ከወንዙ ማዶ ስትጣራ ሁልጊዜ ያለቅሳል፣ ጉንጩ እስኪርስ። ጋሽ ሰይድም «አንተን ይዞ ወንዝ መሻገር አይቻልም፣ በእንባህ ትሞላዋለህ» እያሉ ያሾፉበታል፤ እሱ ግን በነጋታው ያንኑ ካልነገሩኝ ብሎ ድርቅ ይላል። ጋሽ ሰይድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተረት አይወራም ባይ ነበሩ። ለምን ስንላቸው በየጊዜው ሌላ ምክንያት ይሰጡናል።

አንድ የግንቦት ሰሞን ኑሩን ያስመልሰውና ያስቀምጠው ጀመር። የጠጣው ውሃ ወዲያው ይመለሳል። ጎረቤት ሁሉ «ውሃ አትስጪው፣ ሆዱ ይረፍ» አለ፤ እናቴም አንጀቷ እያረረ እሺ አለች። ኑሩ ኩባያ ባየ ቁጥር «ውሃ» እያለ እጁን ይዘረጋል፤ እናቴ ፊቷን ታዞራለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ፤ ሌላ ምን ማድረግ እንደምችል አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ውሃ መለመኑን ተወ። «አልሐምዱሊላህ፣ ቀለል አለው» አለች እናቴ። ሁላችንም አመንን፣ ደስም አለን። ከጠዋት ጀምሮ ሽንቱን አለመሽናቱን ማንም ልብ አላለም።

ቀትር ላይ ግን ዓይኑ በግማሽ እንደተከፈተ ሲቀር እናቴ መረበሽ ጀመረች። «ጋሼ፣ እስቲ የግልገሏን ይንገሩት፤ ነቃ ይልልኝ ይሆናል።»

«በቀን?» አሉ። ከዚያ ፊቷን አዩና አልተከራከሩም።

የቆርቆሮው ሙቀት ያፍናል፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ብርሃኑ ፍራሹ ድረስ ገብቷል። ግልገሏ ስትጣራ ኑሩ ፊቱን አጨማደደ፤ ከጉሮሮው ቀጭን የለቅሶ ድምፅ ወጣ። ጋሽ ሰይድ ተረቱን አቋረጡ። ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው ከዓይኑ ሥር ዳሰሱት።

«እንባው የታል?» አሉ።

«ምን?» አለች እናቴ።

«ያለቅሳል፣ እንባ ግን የለውም። ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ደግ ነገር ግን አይደለም። ተነሽ!»

ማታ ቢሆን ኖሮ በዚያች መብራት ማን ያይ ነበር?

ወደ ጤና ጣቢያ በያዝነው ባጃጅ ውስጥ በደንብ አየሁት። ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል፣ ከንፈሩና ምላሱ ደርቀዋል፤ በስሙ ስጠራው አያየኝም። ስንደርስ ነርሷ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደታጠፈ ቆየ። ጉሉኮስ ልትሰካለት ደም ሥር ብትፈልግ አጣች፤ እጁን ወጋች፣ እግሩን ወጋች፣ ተመልሳ እጁን። ኑሩ መርፌ ሲገባበት እንኳ አልጮኸም። እኛ ግድግዳው ሥር ቆመናል፤ ከዱዓ በቀር ምንም የለንም። ለሁሉም ነገር መልስ የማያጡት ጋሽ ሰይድ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ ወለሉን ያያሉ። ትልልቅ ሰዎችም እንደ እኔ ግራ እንደሚገባቸው ያን ቀን አወቅሁ፤ ከመርፌው ይልቅ እሱ አስፈራኝ።

«ውሃ ስለከለከልኩት ነው?» አለች እናቴ።

«ቢያስመልሰውም በማንኪያ ትንሽ ትንሽ መስጠት ነበረብሽ» አለች ነርሷ ቀና ሳትል። «የወጣው ካልተተካ ሰውነቱ ይደርቃል።»

እናቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ደም ሥሩ በመጨረሻ ተገኘ። ነቃ ሲል ኦአርኤስ በጥብጠው ሰጡን፣ በማንኪያ እያጠጣነው ዋልን። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እናቴ ጭን ላይ እንዳለ ሸና። «ሸናብኝ! ልጄ ሸናብኝ!» እያለች የረጠበ ቀሚሷን ለነርሷ፣ ለዘበኛው፣ ሌላ ታማሚ ይዞ ለገባው ሁሉ ታሳያለች። ጋሽ ሰይድ ወደ ግድግዳው ዞረው አለቀሱ።

ዛሬ የምኖረው ሰመራ ነው፤ ሴት ልጅ አለችኝ። ኑሩ ጎረምሳ ሆኖ ታሪኩን ስነግረው ይስቃል። ተረቶቹን አብዛኞቹን ረስቻለሁ፤ ያኔ ደስ ያለን የረፋድ ዝምታ ግን አልወጣልኝም። ልጄን ሆዷን ባመማት ቁጥር በማንኪያ እያጠጣሁ ወደ ጤና ጣቢያ ይዣት እሮጣለሁ። «ውሃ፣ ውሃ» እያለች ስትነዘንዘኝ ጎረቤቴ ታዝንልኛለች፤ «ይቺ ልጅ አሰለቸችሽ» ትለኛለች። አላሰለቸችኝም። የምፈራው ዝም እንዳትልብኝ ነው።