ሳይታይ ቦርሳ የገባ ፖስትካርድ

እናናዬ በዘጠናዎቹ አጋማሽ በዲቪ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ገብታ ሂልቶፕ ሰፈር ቤት ተከራየች፤ ሥራዋ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነበር። ቀጥ ያለች ሠራተኛ ናት፤ መድኃኒት በሰዓቱ፣ አንሶላ በየቀኑ፣ ወሬ የለም።

ቤክስሊ ሰፈር ሄዳ የምትረዳቸው ሚስስ ፔገት እንግሊዝ አገር፣ አንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ ውስጥ ያደጉ ናቸው። የጠዋት ቁርሳቸውን ይረሳሉ። የከተማቸውን የድሮ ፖስትካርዶች አልበም ሲገልጡ ግን የማያውቁት በር የለም፤ ይሄ ዳቦ ቤቱ፣ ያ የሰዓቱ ማማ፣ እዚህ ረቡዕ ረቡዕ በግ ይሸጣል።

አንድ ዓርብ እናናዬ ልትወጣ ስትል አሮጊቷ ፖስታ ዘረጉላት። የቀጠራት ኤጀንሲ ከታካሚ ስጦታ መቀበል ይከለክላል፤ ታውቃለች። ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶላት እምቢ ማለት ግን አልሆነላትም። በሁለት እጇ ተቀበለች። በሰጪ ፊት ከፍቶ ማየት ነውር ነውና ሳታየው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የአሮጊቷ ልጅ ሊንዳ ከኮሪደሩ ብቅ ስትል ያየችው ይህችኑ ብቻ ነው፦ እናናዬ አንድ ነገር ቶሎ ብላ ቦርሳዋ ስትከት።

እሑድ ሊንዳ ደወለች። "ከአልበሙ አንድ ካርድ ጎድሏል። እናቴ ለማንም አልሰጠሁም ትላለች። ነገ እንነጋገርና ለኤጀንሲው እደውላለሁ።"

ባሏ ምንያህል ሶፋው ላይ እንደተጋደመ ሳቀ። "ሰው ወርቅ ይሰርቃል፣ አንቺ የበግ ገበያ ፎቶ ሰርቀሽ ልትባረሪ ነው?"

"ዝም በል አንተ! አንዴ ሌባ ከተባልኩ ማን ይቀጥረኛል?"

"ምናልባት ሊንዳ ራሷ በእናቷ እጅ አሰጥታሽ ቢሆንስ? ልታስወጣሽ ፈልጋ።"

ይህቺ ነገር ውስጧ ገብታ ቀረች።

ሰኞ እናናዬ ካርዱን ሚስስ ፔገት ቤት ይዛ ሄዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሊንዳ የስልኩን እጀታ እንዳነሳች ጠየቀች፦ "እማዬ፣ ለእናናዬ የሰጠሻት ነገር አለ?"

"ምን?" አሉ ሚስስ ፔገት።

ሊንዳ የኤጀንሲውን ቁጥር መምታት ጀመረች። ይሄኔ አሮጊቷ ካርዱን አዩት፤ ፊታቸው ቀላ።

"መለስሽልኝ? ያን ዕለትም ቀና ብለሽ ሳታይው ነው ቦርሳሽ ውስጥ የወረወርሽው! ስንቱን ገልጬ የመረጥኩልሽን! ተቀይሜሻለሁ።"

ሊንዳ ስልኩን ዘጋች።

"እኛ ዘንድ በሰጪው ፊት አይከፈትም፣ ነውር ነው" አለች እናናዬ። "ቤቴ ስገባ አይቼዋለሁ። በጎቹ ከስተዋል።"

"ድርቅ ነበራ!" ብለው ሳቁ፤ ቅያሜያቸውንም እዚያው ረሱት።

ሊንዳ አልሳቀችም፤ ይቅርታም አልጠየቀችም። አልበሙን ብብቷ ስር ሸጉጣ "ለጊዜው ጋሃና፣ እኔ ቤት ይቆይ" አለች። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። "ነገ ትመጪያለሽ አይደል?"

"እመጣለሁ። ቦርሳዬን ግን መኪናዬ ውስጥ ቆልፌበት ነው የምገባው። ስወጣ ደግሞ በሩ ላይ ቆመሽ ሸኚኝ።"