አባዬን የዘለለው ልብ ወለድ

አባዬ ዕድሜ ልኩን ሾፌር ነው። ወሬ አያልቅበትም፤ የዚያ ሰሞን ነገር ሲነሳ ብቻ አንገቱን ይደፋል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ከተማው በአመፅና በተኩስ ሲታመስ ሦስት ቀን ከቤት ጠፍቶ ነበር። «የመሥሪያ ቤቱን ፈረንጆች ድንበር ሳደርስ ነው» ቢልም እማዬ አልተዋጠላትም። ያን ጊዜ ቢጫ ሻሿም አብሮ ስለጠፋ፣ ለሌላ ሴት እንደሰጠው ቁርጥ አድርጋ ደመደመች። ትታው አልሄደችም፤ ግን በተጣሉ ቁጥር «ሻሼን የጠመጠመችው ደህና ናት?» ትለዋለች።

ባለፈው ቅዳሜ አባዬ አንድ መጽሐፍ አቅፎ በሩን በርግዶ ገባ።

«ከተሳፋሪዎቼ አንዱ ስለዚያ ጉዞ ልብ ወለድ ጽፏል! አንብቢው ልጄ፣ እናትሽ ትስማ!»

የውጭ ቋንቋ የማነበው እኔ ስለሆንኩ እየተረጎምኩ ጀመርኩ። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታን ልብስ ታጣጥፋለች። አባዬ እንደ ሕፃን ይቁነጠነጣል።

ወይ መጽሐፍ! ስልሳ ገጽ ሙሉ ፈረንጆቹ በረንዳ ላይ ይጠጣሉ፣ አገራቸውን ይናፍቃሉ፣ ይኮራረፋሉ። ከአጥሩ ውጭ ሰው ያልቃል፣ እነሱ ለመጠጣቸው በረዶ አለቀ ብለው ያዝናሉ። «እኔስ? የት ጋ ነኝ?» ይላል አባዬ። የትም! ወደ ድንበር ሲነሱ መሪውን የያዘው ደራሲው ራሱ ሆኖ አረፈው።

«እሱ? ፍሬንና ማርሽ የማይለየው ሰውዬ!» አባዬ ብድግ አለ።

እማዬ ሳትዞር «አላልኩም?» አለች።

የአባዬ ፊት ጠቆረ። መጽሐፉን በመስኮት ብወረውረው ደስ ባለኝ። ለማንኛውም ብዬ አንድ ገጽ ገለጥኩ።

መኪናው ድልድዩ አጠገብ በሙቀት ቀጥ ብሏል፤ ተኩሱ ከኋላ እየቀረበ ነው። «ከወንበሩ ሥር ጨርቅ አገኘሁ» ብዬ አነበብኩ። «ወንዙ ውስጥ ነክሬ፣ እንዲቀዘቅዝ የጋለው የነዳጅ ፓምፕ ላይ ጠቀለልኩት። ሞተሩ ተነሳ።»

«የኔ ዘዴ ናት! እኔ ነኝ ያደረግኩት!» አባዬ ጮኸ።

ቀጣዩን መስመር ሳይ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። «ቢጫ የሴት ሻሽ ነበር። ዳሩ በአረንጓዴ ክር የተጠለፈ፣ አንዱ ጥግ በካውያ የተቃጠለ።»

እማዬ ዞረች። አንሶላው ከእጇ ወደቀ።

«የኔ ሻሽ! በካውያ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ! መኪናው ውስጥ ረስቼው ኖሯል!»

አባዬ ራሱን ያዘ። «እኔ እኮ ተራ ጨርቅ መስሎኝ... በዚያ ጥድፊያ ማን ልብ ብሎ አየው?»

«ተራ ጨርቅ? ምርጥ ሻሼን?» ደረቱን በጡጫ መታችውና ወዲያው አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «ይኼን ሁሉ ዓመት እውነትህን ነበር እንዴ!» እየሳቁ ያለቅሳሉ፤ እኔም አብሬ።

ከዚያ እማዬ ከአባዬ ጎን ልጥፍ ብላ ተቀመጠችና ዓይኗን ጠራረገች።

«ከተነሱበት ጀምረሽ ድገሚልኝ» አለችኝ። «ሰውየው ‹እኔ› ባለ ቁጥር ‹ባሌ› እያልሽ አንብቢው።»