አይሁዳዊ በመሆኔ ያጣሁት ሸክላ

ይህ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ፋሲካ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። የማልረሳው በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ አይሁዳዊነቴ ያለ ወረቀት ስለታመነልኝ ነው። የታመነበት ሰዓት ግን ትንሽ አልተመቸኝም።

እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ማሽን እጠግናለሁ። ከሥራ ውጭ የድሮ ሄቪ ሜታል ሙዚቃ ሸክላ እሰበስባለሁ። የታዋቂዎቹን አይደለም፤ አሳታሚዎች ፊት የነሷቸው ልጆች ከኪሳቸው አዋጥተው ያሳተሙትን፣ ጥቂት ቅጂ ሸጠው የተበተኑትን ነው። እናቴ ሸክላ ሲባል ትዝ የሚላት ማሰሮ ስለሆነ፣ ጎረቤቶቿ የጎንደር ቤተ እስራኤሎችን የሸክላ ሥራ ሙያ ያልጣለ ጨዋ ልጅ አድርገው ያዩኛል። እኔም አላረምኳቸውም።

ለስድስት ዓመት ስፈልገው የኖርኩት አንድ ሸክላ ነበር። አንድ ቀን ሰብሳቢዎች በሚገበያዩበት ድረ ገጽ ላይ አየሁት። ሻጩ ከጀርመን ወይ ከጃፓን ይሆናል ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ሴት መለሰችልኝ፤ ሸክላው የአባቷ ነው፣ ለፋሲካ ቤት እያጸዱ ነው። አድራሻው ካርሜ ጋት፣ የራሳችን ከተማ ሰፈር! ከቤቴ በመኪና አምስት ደቂቃ።

በማግስቱ እማዬን ከቁፓት ሆሊም፣ ከሐኪሟ ስመልሳት በዚያው ጎራ አልኩ። "መኪና ውስጥ ጠብቂኝ" ብላት "ብቻዬን ተቀምጬ ምን ልሠራ?" ብላ ተከትላኝ ወጣች።

በር የከፈቱልን ጺማቸው ደረታቸው ላይ የደረሰ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸው ሺሞን ነው። በወጣትነታቸው ጸጉራቸውን አሳድገው ጊታር ይመቱ ነበር አሉ፤ ኋላ ወደ ሃይማኖት ተመለሱ። እማዬን ሶፋ ላይ አስቀምጠው ውሃ ሰጧት። ሸክላው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሰላምታው ሳያልቅ አነሣሁት። አንድ ጭረት የለበትም።

"አንተ ነህ እንዴ ገዢው?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ልጄ ገዢ ይመጣል ስትለኝ ከፋብሪካዎቹ የውጭ አገር መሐንዲስ መስሎኝ! ይኼ ነፍስ የሚያበላሽ ነገር ነው። ለአይሁዳዊ ወንድሜ እንዴት አድርጌ ልስጥ?" ብለው ከእጄ ወሰዱት።

አንዲት ዐረፍተ ነገር ትበቃኝ ነበር። "ጌታዬ፣ የእኛ አይሁዳዊነት ገና እየተጣራ ነው" ብላቸው ጠቅልለው ይሰጡኝ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ነገር ግን ዘመዶቿን ጥላ፣ እኔን አዝላ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣችው ሴት አጠገቤ ተቀምጣለች። ዐረፍተ ነገሯን ዋጥኳት።

"ምን ይላሉ?" አለችኝ እማዬ በአማርኛ።

"አይሁዳዊ ስለሆንክ አልሸጥልህም ነው የሚሉት።"

"ወረቀት ሳይጠይቁ?"

"ሳይጠይቁ።"

እማዬ ብድግ ብላ እጅ ነሣች። "እድሜ ከጤና ይስጥዎት! ክፉ አይንካዎት!" እያለች ምርቃቱን ታዥጎደጉደው ጀመር። ሺሞን ቋንቋው ባይገባቸውም "አሜን፣ አሜን" ይላሉ። ምርቃቱ ልባቸውን ነካው መሰለኝ ሸክላውን ጉልበታቸው ላይ ቀጭ አድርገው ሰበሩት።

"ተመልሰህ እንዳትፈተን ብዬ ነው" አሉኝ፣ በፍቅር።

ለማካካሻ መዝሙረ ዳዊት ሰጡኝ። ሊፍቱ ውስጥ እኔ የለቅሶ ቤት ፊት ይዤ ቆሜያለሁ፤ እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ባለፈው ዓመት ላገባ ስል፣ በእጮኛዬ ከተማ ያለ አንድ የሃይማኖት ጋብቻ መመዝገቢያ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው ወረቀቴን አገላብጦ አገላብጦ "አይሁዳዊነትህን የሚመሰክር ሰው አምጣ" አለኝ። ንዴቴ ማንን እንዳስታወሰኝ ገምቱ። ደወልኩላቸው። ሺሞን የሰንበት ልብሳቸውን ለብሰው በባቡር መጡ።

"ስንት ዓመት ያውቁታል?" አላቸው ጸሐፊው።

"ያየሁት አንድ ቀን ነው። ግን ሸክላውን ሰብሬበታለሁ። አይሁዳዊ ባይሆን ምን አገባኝና እሰብርበታለሁ?"

ጸሐፊው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየው። ለተሰበረ ሸክላ የሚሆን መስመር አልነበረውም። ሌሎች ምስክሮች አምጥቼ ተመዘገብኩ። ሺሞን ሠርጌ ላይ ከሁሉም በላይ ጨፈሩ።

የዚያን ሸክላ ሌላ ቅጂ እስካሁን አላገኘሁም፤ ሳስበው ያንገበግበኛል። እሳቸው ላይ ልናደድ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ እምቢ አለኝ።