ሚሌቼንቶዋና ሁለቱ ሳፋዎች

ጋሽ ቀናው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዱ ኖረው የራሴ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበራቸው። እሷም አቃቂ በተከራዩበት ግቢ ጥግ ሸራ ለብሳ የምትኖር ግራጫ ፊያት ሚሌቼንቶ ናት። በ1956 ዓ.ም. ከአገሩ ያስመጣት አንድ ጣሊያን የፋብሪካ መሐንዲስ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ሾፌሩ። ደርግ ፋብሪካውን ወርሶ መሐንዲሱ ሻንጣውን ብቻ አንጠልጥሎ ሲሄድ መኪናዋን ከነሊብሬዋ ለጋሽ ቀናው አስረከበ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሙሽራ አጀበች፣ ስንት ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት አደረሰች! መለዋወጫ ሲጠፋ ግን ቆመች፤ ያገራችን ነገር።

በ2007 ቱሉ ዲምቱ ላይ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣላቸው። ባለ አንድ መኝታ፣ ሁለተኛ ፎቅ። አርባ ዓመት ከአከራይ ወደ አከራይ የተንከራተተ ሰው እንዴት እንደሚሆን መቼም ይታወቃል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰጋሽ መሬት ስመዋል። ግን ቅድሚያ ክፍያው በተባለው ቀን ካልገባ ቤቱ ለሌላ ይሰጣል፤ እጃቸው ላይ ደግሞ ሩቡም የለም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ቀኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ብሩህ የሚባል፣ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሀብታም ስለ ሚሌቼንቶዋ ሰምቶ ደወለ። ጋሽ ቀናው ስለ ቤቱም ሳይደብቁ ነገሩት።

«ኦሪጅናል ናት፣ ጋሼ?»

«አንድ ብሎኗ አልተነካም።»

«እንግዲያው የቤቱን ክፍያ ከእኔ ይጠብቁ። ቅዳሜ መጥቼ አያታለሁ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ገበያ የሚወጣ በሬ እንኳ ይታጠባል። እንግዳ ሲመጣ ግድግዳ ይቀባል። ጋሽ ቀናው አሰጋሽን አማከሩ፤ አሰጋሽም የሠርጋቸውን የወርቅ ጉትቻ አውልቀው ሰጡ። ባትላሜራው ዱጉማ አራት ቀን ሙሉ ላሜራዋን ፋቀ፣ በስቱኮ ለሰነ፣ ቀይ ቀለም ቀባ፤ የተሰነጣጠቁትን የቆዳ ወንበሮች ነቅሎ እንደ ሶፋ የወፈሩ አዳዲስ ወንበሮች ገጠመላት። የደበዘዙት መብራቶች፣ መሪው፣ ከፊቷ ላይ የነበረው የፊያት ምልክት ሳይቀር ተነቀሉ። አሰጋሽ አሮጌውን ክምር «ልዋጭ!» እያለ በየሰፈሩ ለሚዞረው ለረሻድ ሰጥተው ሁለት ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ ተቀበሉ። ሲያጌጡ ይመላለጡ የተባለው ለሰው ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ ብሩህ መጣ። ጋሽ ቀናው ሸራውን ገለጡ። ሰውየው አንዴ ዞራት፤ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ።

«ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?»

«እኔ ነኛ፣ ልጄ። አንተን ላለማሳፈር ብዬ።»

ብሩህ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «ጋሼ፣ እኔ ልገዛ የመጣሁት እርጅናዋን ነበር። ጣሊያን አገር፣ ቶሪኖ ተቀብታ የወጣችበትን ቀለም፣ መሐንዲሱ የተቀመጠበትን ወንበር። እንዲህ የታደሰችማ የትም ጋራዥ ሞልታለች። አልወስዳትም።» ፊታቸውን ሲያይ ግን አንጀቱ አልቻለም። «የተነቀሉት ዕቃዎች አሉ? እነሱ ካሉ እንነጋገራለን።»

ጋሽ ቀናው በሰባ ሁለት ዓመታቸው ሮጡ። ሚኒባስ ይዘው ቃሊቲ፣ ረሻድ ዕቃውን ከሚያከማችበት ደረሱ። ረሻድ ነገሩን ሲሰማ ደነገጠ።

«ወላሂ ጋሼ፣ ብረት ብረቱ ትናንት ማቅለጫ ገባ። ቆዳውን ማን ይፈልገዋል ብለን አቃጠልነው። ምነው አንድ ቃል ቢነግሩኝ!»

ጋሽ ቀናው የብረት መመዘኛው ሚዛን ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ሰው አያቸው አላያቸው ግድም አልሰጣቸው። ጥፋቱ የገዛ እጃቸው ነው፤ የሚረግሙት ሰው እንኳ አጡ።

ቀኑ አለፈ። ቤቱም ተራ ይጠብቅ ለነበረ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

በማግስቱ ጠዋት አሰጋሽ ከሳፋዎቹ በአንዱ የፊት መታጠቢያ ውሃ አቀረቡላቸው። ጋሽ ቀናው እጃቸውን ነክረው ሳይታጠቡ ቆዩ።

«ታጠብ እንጂ፣ ውሃው እኮ ቀዘቀዘ።»

«አሰጋሽ» አሉ ሳፋውን እያዩ፣ «ቤታችን ይኸው ነው።»

አሰጋሽ ባዶ ጆሯቸውን ዳሰሱ። ከዚያ ሳፋውን አንስተው ውሃውን ደጅ ደፉት።