ማኖቤላውን የደበቅሁባት ሐሙስ

የዛሬ መኪና ቁልፍ ሲዞርለት ይነሣል። አንዳንዱ ቁልፍም አይፈልግም ይሉኛል፤ በጣት ጫን ማለት ብቻ ነው። በቀደም ደብረ ታቦር አንድ ጋራዥ ደጃፍ ተቀምጬ ስለ ማኖቤላ ባነሣ፣ ወጣቶቹ መካኒኮች እርስ በርስ ተያዩ። በመኪናው አፍንጫ ቀዳዳ አስገብተን፣ ሞተሩን በክንዳችን አዙረን የምናስነሣበት ቆልማማ ብረት ነው አልኳቸው። «ሞተር? በእጅ?» አሉኝ። አዎ፣ በእጅ። አላመኑኝም። እኔም ለማሳመን ጉልበቱ አልነበረኝምና ሻዬን ጨርሼ ተነሣሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለውን ወሬ የሚያነሣብኝ አይጠፋም። «ጋሼ፣ የድሮ መኪና አይናፍቅዎትም?» ይሉኛል። ይናፍቀኛል እላለሁ፤ ሌላ ምን ልበል? ከፊት ለፊት የምናንጠለጥለው የሸራ ውሃ ከረጢት ነበረ፤ ነፋሱ እየመታው ቆላ ወርደን እንኳ ውሃው የምንጭ ያህል ይቀዘቅዝ ነበር። በበሩ መስታወት ጥግ ለብቻዋ የምትከፈት ባለ ሦስት ማዕዘን ትንሽ መስኮት ነበረች፤ ገፋ ሲያደርጓት ነፋሱን መልሳ ፊት ላይ ትለቀዋለች። ዛሬ የለችም፤ ለምን እንዳስቀሯት የነገረኝ ሰው የለም። ከመሪው በላይ የምንሰቅለው የክር ዘርፍ ነበረ። የኔን የሠራችልኝ እኅቴ ናት፤ ራሷ ፈትላ፣ ቀይና አረንጓዴ ነክራ። እነዚህን ስቆጥር ልቤ ሞቅ ይላል ብዬ እጠብቃለሁ፤ አይሞቅም። የደነዘዘ እጅ መርፌ ቢወጉት እንደማይሰማው ነው። ማኖቤላው ላይ ስደርስማ ጭራሽ ይብሳል።

በደርግ ዘመን የምነዳት መኪና የአንድ ነጋዴ ንብረት የሆነች፣ በዕድሜ ከኔ ብዙም የማታንስ የጭነት መኪና ነበረች። ከደብረ ታቦር ጨውና ሳሙና ጭኜ ወደ ጋይንት እወጣለሁ፤ እዚያ ካለችው ከአርብ ገበያ ከተማ ስንዴና ባቄላ ጭኜ እመለሳለሁ። መንገዱ ሲፈቅድ እስቴም ወገዳም እገባለሁ። ባትሪዋ ከሞተ ቆይቷል፤ አዲስ ባትሪ ደግሞ በዚያን ጊዜ በደጅ ጥናትም አይገኝም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ማኖቤላውን አስገብቼ አዞራለሁ። አያያዝ አለው። አውራ ጣትህን እንደ መጥረቢያ እጀታ ጠቅልለህ ከያዝክ፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታ ክንድህን ይሰብረዋል፤ አውራ ጣት ከአራቱ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሆናል። ከታች ወደ ላይ ትስባለህ እንጂ ከላይ ወደ ታች አትጫንም። ይህን ያልሰማ ሾፌር ክንዱን በፋሻ አንጠልጥሎ በየገበያው ታየው ነበር። እኔ አንድ ቀን እንኳ አልተመታሁም፤ በዚህ እኮራ ነበር።

ማኖቤላው እምቢ ሲል ሁለተኛ መላ ነበረን፤ ሰው። የኛ አገር ሰው የቆመ መኪና አይቶ አያልፍም። ማጥ የገባ በሬና የቆመ መኪና ለሱ አንድ ነው፤ ሸክሙን ያወርዳል፣ ጋቢውን ወገቡ ላይ ያስራል፣ ትከሻውን ይሰጣል። ማን እንደሆንክ፣ ምን እንደጫንክ አይጠይቅም። መጀመሪያ ሰሞን አገፋፉን እንኳ አያውቁትም ነበር፤ አንዱ ከኋላ ሲገፋ ሌላው ከፊት ይስባል። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። «ሁላችሁም ከኋላ! ባንድ ድምፅ! ፍጥነት ስታገኝ ጩኹ፣ ያኔ ፍሪሲዮኑን እለቃለሁ!» እያልኩ። ፍሪሲዮን በግራ እግር የሚረገጠው ነው፤ ረግጠህ ይዘህ፣ መኪናው ሲንደረደር ድንገት ስትለቀው ሞተሩ ይነሣል። እንዲህ እያልኩ ለዓመታት በአርብ ገበያ ሰው ትከሻ ኖርኩ። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፤ ዛሬም መጣህብን?» ብለው ይቀልዱብኛል፤ እየቀለዱ ይገፋሉ።

እኅቴ ከአርብ ገበያ ወደ ወገዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ መንደር ትኖር ነበር። ባሏ ሞቷል፤ ያላት አንድ ልጅ ነው። ስምንተኛ ክፍል የሚማር፣ ትምህርት ሲዘጋ ጋቢና ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ አብሮኝ የሚዞር ልጅ ነበር። ማርሽ የሚቀየርበትን የሞተር ድምፅ ከኔ ቀድሞ ይለየው ነበር። አንድ ረቡዕ ለብሔራዊ ውትድርና ልጆች ሲለቀሙ እሱም ተለቀመ። ከሌሎች ሠላሳ ከሚሆኑ ጋር አርብ ገበያ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ አስገቧቸው።

እኅቴ ልጆቹን የሚያስለቅመው ካድሬ ዘንድ ሄዳ አለቀሰች። «ተማሪ ከሆነ ከትምህርት ቤቱ ወረቀት ይምጣ፤ እለቀዋለሁ» አላት። ሲያዩት ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ ያለውንም የሚያደርግ ይመስለኛል። ችግሩ ወረቀቱን የሚፈርመው ርእሰ መምህር ለስብሰባ ወጥቶ ነበርና የሚመለሰው ቅዳሜ ነው። ልጆቹ ደግሞ የሚጫኑት ዓርብ ነው። የሚጫኑትም ለዚሁ በታዘዘችው በኔ መኪና ነው።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ካሶኒውን፣ ጭነት የሚጫንበትን፣ ስጠርግ እኅቴ መጣች። እንባዋ ደርቆ ፊቷ ላይ መስመር ሠርቷል። «ወንድም ጋሼ፣ አንድ ቀን ብቻ ያቆዩልኝ» አለችኝ። «አንዲት ቀን። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ አድሬ፣ ቅዳሜ ወረቀቱን ይዤ እደርሳለሁ።»

«በዚህስ አታስቢ» አልኳት። እውነትም የሚያሳስብ አልመሰለኝም። ወትሮ መኪናዋን የማቆማት ቁልቁለት ላይ፣ ጎማዋን ታኮ አስደግፌ ነው። የዚያን ዕለት ግን ገበያው መሐል ደልዳላው ላይ አቆምኳት። ማኖቤላውን ከወንበር ሥር አወጣሁና ከማድርበት ግቢ ጓሮ የጭድ ክምር ውስጥ እስከ ብብቴ ድረስ አስገብቼ ቀበርኩት፤ መደበቄን ለእሷም ነገርኳት። ባትሪ የለ፣ ቁልቁለት የለ፣ ማኖቤላ የለ። ሌላ መኪና እስኪላክ ቢያንስ ሁለት ቀን ይፈጃል። እንዴት ያለሁ ብልጥ ነኝ ብዬ ፈገግ ማለቴን አስታውሳለሁ። የረሳሁት ሰውን ነው።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ልጆቹን እየቆጠሩ ካሶኒው ላይ ጫኗቸው። የእኅቴ ልጅ ሲወጣ አየኝና በዓይኑ ሰላም አለኝ። ያሰብኩትን አስቀድሜ ሹክ አላልኩትም። ገብቼ ቁልፉን አዞርኩ፤ ጠቅ አለና ዝም። ወርጄ ከወንበር ሥር ፈለግሁ፣ ራሴን ያዝኩ፣ «ማኖቤላው መንገድ ላይ ወድቆብኛል» አልኩ። ካድሬው ተቆጣ፤ አብረውት ያሉት ታጣቂዎች ወንበሩን ነቅለው ሲፈልጉ ቆዩ። ወላጆች ዙሪያውን ቆመዋል፤ እናቶች በነጠላቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። «እንግዲህ ሌላ መኪና እስኪመጣ ድረስ...» ብሎ ካድሬው ሲጀምር በጆሮዬ ሰማሁት። አልጨረሰውም።

ቀድሞ የተነሣው አንድ ሽማግሌ ነው። የልጅ ልጁ እላይ ተጭኗል። ዱላውን ለሚስቱ አቀበለና ጋቢውን ወገቡ ላይ አሰረ። «ምነው እናንተ! መኪና ቆሞ እያያችሁ ዝም ትላላችሁ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!» አለ። ጨው የሚሸጡት ጨዋቸውን ትተው መጡ፤ አህያ የሚነዱት አህያቸውን ትተው መጡ። ለገበያ የወጡ ሁለት ካህናት ጥምጥማቸውን አጠበቁ። ከልጆቹ አባቶችም የመጡ ነበሩ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ሐሳብም አልነበረባቸውም። የቆመ መኪና ነበረ፣ አለቀ።

«ተዉ፣ በመግፋት አይነሣም፣ ሞተሩ ታሟል» አልኳቸው።

«ግባና መሪህን ያዝ! እኛ አለን!» አሉኝ።

ካድሬው ዓይኑን አልነቀለብኝም፤ ገባሁ። ታጣቂዎቹ መኪናዋ ትቅለል ብለው ልጆቹን መልሰው አወረዷቸው። ልጆቹም ከኋላ ተሰለፉና ገፉ። መሮጥ ይችሉ ነበር፤ ታጣቂዎቹ ሦስት ናቸው፣ ገበያው ደግሞ ጢም ብሏል። አንድም የሮጠ የለም። እነሱም ያደጉት እዚያው ነው፤ ትከሻቸው መኪና ላይ ነበር።

በስፖኪዮው የእኅቴን ልጅ አየሁት። በግራ በኩል ጥጉን ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ ይገፋል። ግራ እግሬ ፍሪሲዮኑን ረግጧል። ነገሩ አሁንም በኔ እጅ ነበር፤ እግሬን አለማንሣት ብቻ። መኪናዋ እስከ ገበያው ጥግ ትንከባለላለች፣ ትቆማለች፣ ይደክማቸዋል፣ ይተዉታል። ይህን አስቤዋለሁ፤ አስቤም ወስኛለሁ። መኪናዋ ተንደረደረች። ሁሉም ባንድ ድምፅ ጮኹ። ከጩኸቱ መሐል የሱ ድምፅ ተለይቶ መጣ።

«ጋሼ፣ አሁን ይልቀቁት!»

እግሬ ለቀቀው።

እኔ አልለቀቅሁትም፣ እግሬ ነው ብል ማን ያምነኛል? ግን እንደዚያ ነው የሆነው። ስንት ዓመት በዚያ ጩኸት የተነሣ እግር ነው። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ተነሣ። ገበያው በደስታ አጨበጨበ። ልጆቹ እየሳቁ፣ ላባቸውን እየጠረጉ ተመልሰው ተጫኑ። ላጥፋው ብዬ አስቤ ነበር፤ ካድሬው ግን አጠገቤ ገብቶ በሩን ዘግቷል፣ ፊት ለፊት ያለውም ቁልቁለት ነው፤ ባጠፋትም ተንደርድራ ትነሣለች። ነዳሁ። ደብረ ታቦር እስክንገባ ድረስ ምንም አልተሰማኝም። ያ ምንም አለመሰማት ከዚያች ቀን ወዲህ ከኔ ጋር ነው።

ልጁ ወደ ሰሜን ተላከ። ደርግ ወድቆ ወታደሩ በየመንገዱ እየለመነ በእግሩ ሲመለስ፣ እኅቴ ደጃፏ ተቀምጣ ያላፊውን ሁሉ ፊት ስታይ ከረመች። አልመጣም። ሞተ የሚል ወሬም አልመጣም። ማኖቤላውን ከጭዱ ውስጥ አላወጣሁትም፤ ለባለ መኪናው ጠፋ አልኩት፣ ሌላ አስቀጥቅጦ ሰጠኝ። ሥራዬን ቀጠልኩ። ሲገፉኝም ተገፋሁ።

ያን ጊዜ ልጆቹን ደብረ ታቦር አውርጄ ስመለስ፣ እሑድ አመሻሹ ላይ እኅቴ ቤት ደረስኩ። ወረቀቱ በመቀነቷ ጫፍ ተቋጥሯል። ቅዳሜ በሰዓቱ ይዛው ደርሳ ነበር። መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

«ማኖቤላው ተገኘ እንዴ?» አለችኝ።

«አልተገኘም።»

«ታዲያ በምን ተነሣ?»

«ተገፋ።»

«ማን ገፋው?»

ቆጠርኩላት። ሽማግሌውን፣ ጨው ነጋዴዎቹን፣ ካህናቱን፣ አባቶቹን፣ አንድ በአንድ ቆጠርኩላት። ልጁ ራሱ መግፋቱን እንኳ ነገርኳት። እግሬን ግን አልነገርኳትም።

«እጃቸው ይድረቅ!» አለች። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት አርብ ገበያን አልረገጠችም፤ የእነዚያን ሰዎች ለቅሶ እንኳ አልደረሰችም። በኛ አገር ከዚህ የበለጠ ጠብ የለም። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ዝም አልኩ። አፍሬ ነበር፤ ፈርቼም ነበር።

ተነሥታ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ አመጣች፤ ከመንገድ የገባ ሰው እግሩን ሳይታጠብ አይበላም። ተንበርክካ ጫማዬን አወለቀችልኝ። «እርስዎስ የቻሉትን ሁሉ አድርገዋል» አለችኝ። ከጣቶቼ መሐል አቧራውን እያወጣች ቀኙን አጠበች፣ ግራውን አጠበች። ከዚያም እንደ ወጉ ጎንበስ ብላ ግራውን ሳመችው።