በሬው የጠፋበት ክፍል

እርጥብ ባና ሲደርቅ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ የበግ ጠጉር፣ የምድጃ ጭስና ዝናብ አብረው የከረሙበት የሚመስል። ባለፈው ሰሞን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ዝናብ ያገኘውን ባናቸውን አጥር ላይ ያሰጡ ጎረቤቶቻችን ደጅ ሳልፍ ያ ሽታ መጣና ያዝ አደረገኝ። ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልሁ ቆሜ ቀረሁ፤ ልቤ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ደርሶ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቤታችን ወለል ላይ እግሩን አጥፎ ተቀምጦ ነበር።

በዚያ ክረምት የእሑድ እንግዶቻችን ባናቸውንና ጋቢያቸውን በር ላይ እያራገፉ ይገቡ ነበር። ደብረ ታቦር ክረምቱ ሲከብድ ጉሙ መንገዱን አልፎ በር ድረስ ይመጣል፣ ሰውም ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል ማን እንደሆነ የሚታወቀው በሳሉ ነው። ቴሌቪዥን ያለው የኛ ቤት ብቻ አልነበረም፤ ግን እናቴ ሰው መመለስ ስለማትችልና ሁልጊዜ አንድ ድስት ድንች ቀቅላ በሚጥሚጣ ስለምታቀርብ፣ ሰፈሩ ወደኛ ያዘነብል ነበር። በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ፣ ያቺ አጭር መቀመጫ፣ የእትዬ ጥሩ ነበረች። እትዬ ጥሩ ገበያ ላይ በርበሬ የሚሸጡ፣ ሲስቁ ድምፃቸው ግቢውን የሚያዳርስ ጎረቤታችን ናቸው። ወንበሩ ላይ ደግሞ መምህር ዮናስ ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምሩ ከሐዋሳ መጥተው የጓሮ ክፍላችንን የተከራዩ፣ ሁለት ሹራብ ደርበውም የሚንቀጠቀጡ ሰው ነበሩ።

የምናየው «መርማሪ ጫኔ» የሚባል አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ነበር። ጫኔ ካፖርቱ መሬት የሚጠርግ መርማሪ ነው፤ ፍንጭ ባገኘ ቁጥር መዳፉ ላይ ይጽፈዋል፣ ምሳ ሲደርስ እጁን ይታጠብና ያጠፋዋል፣ ከዚያ ያጠፋውን ለማስታወስ ሲንከራተት ሳያስበው ሌባው ላይ ይወድቃል። ክፍሉ ሲያልቅ እናቴ ድምፁን ትቀንሰውና ችሎት ይጀመር ነበር፤ አስተያየቱን ሳይሰጥ ከቤታችን የሚወጣ ሰው አልነበረም። እትዬ ጥሩ በዕድሜ ቀዳሚ ስለሆኑ መጀመሪያ ይፈርዳሉ፣ መምህር ዮናስ ይግባኝ ይላሉ፣ እናቴ ታስታርቃለች፣ እኔ ደግሞ አንድም ቃል እንዳያመልጠኝ ጆሮዬን አቁሜ እሰማለሁ።

የጫኔ ትልቁ ወዳጅ ግን ድራማውን አይቶት የማያውቅ ሰው ነበር፤ አያቴ አባባ ታከለ። አባባ የሚኖሩት ጋፋት አካባቢ፣ ከከተማው አንድ ሰዓት ያህል በእግር የሚያስኬድ ቦታ ነው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነበር። ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ እኛ ቤት አረፍ ይሉና፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ያለፈውን እሑድ ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ እነግራቸው ነበር። አባባ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር አውጫጭኝ ላይ ተቀምጠዋል፤ ያኔ በሬ ወይም በቅሎ ሲጠፋ አገሩ በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና፣ እያንዳንዱ ሰው ምሎ ያየውንና የሰማውን ሳይናገር፣ ሌባው ሳይታወቅ፣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር አሉ። ስለዚህ ለኔም ሕግ ነበራቸው።

«ያየሽውን ንገሪኝ፣ የሰማሽውን ንገሪኝ፤ የመሰለሽን ለራስሽ ያዥው» ይሉኝ ነበር።

በማግስቱ፣ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ ሰዎች ዳቦና ጠላ ይዘው በሚሰበሰቡበት ሰንበቴ ላይ፣ አባባ በተራቸው የጫኔን ነገር ለሽማግሌዎቹ ይተርኩላቸዋል። እንግዲህ እኔ ገና በዘጠኝ ዓመቴ፣ አይቻቸው በማላውቃቸው ሽማግሌዎች ዘንድ የታመንሁ ምስክር ነበርሁ ማለት ነው!

ፍልሰታ ተፈትቶ በመጣው እሑድ ያ ክፍል ታየ። ለሠርግ የተቀለበ በሬ ይጠፋና ጫኔ ይጠራል። ከዚያ ጫኔ ምን አደረገ? ተኛ። እውነቴን ነው፤ ግማሹን ክፍል የሙሽራው አጎት ቤት መደብ ላይ ሲያንኮራፋ አሳለፈው፣ ሲነቃ ከሦስት ሳምንት በፊት የሰማነውን ቀልድ ደገመው፣ መጨረሻ ላይ ድራማው ውስጥ ታይቶ የማያውቅ አንድ ሰውዬ በር ከፍቶ ገባና «በሬውን የወሰድሁት እኔ ነኝ» አለ። አለቀ። ሙዚቃው መጣ።

እናቴ ድምፁን ቀነሰች፣ ግን ችሎቱን የሚከፍት ሰው ጠፋ።

«ይኸው ነው?» አሉ እትዬ ጥሩ በመጨረሻ። «ለዚህ ነው ዝናብ የመታኝ? ኧረ በሥላሴ! ሰውዬው እኮ ማንም ሳይጠይቀው ነው የመጣ።»

«ሕሊናው ወቅሶት ይሆናላ» አለች እናቴ።

«ሕሊና ያለው ሰው የሠርግ በሬ ይሰርቃል? አንቺ ደግሞ!»

መምህር ዮናስ ሹራባቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡና «ደራሲው ታሞ ይሆናል» አሉ። «በየሳምንቱ ሰው ማሳቅ ቀላል እንዳይመስልዎት፣ እትዬ።»

«ከታመመ ጠበል ይሂድ! ምነዋ በሽታውን ያጋባብናል? እኔ በርበሬዬ ሲሻግት ለሰው አልሰፍር!»

«እኔን የገረመኝ በሬው ነው» አለች እናቴ ድንቹን እያዞረች። «አንድ ጊዜ እንኳ አላሳዩንም እኮ። በሬ ጠፋ ይላሉ እንጂ በሬ የለም።»

«እትዬ ጥሩን ፈርተው ነዋ» አሉ መምህር ዮናስ። «ገና ሲያዩት ከስቷል ይላሉ ብለው።»

ያን ጊዜ ሁሉም ሳቀ፣ እትዬ ጥሩም እጃቸውን አጨብጭበው ሳቁ፤ ድራማው ያላሳቀንን ያህል በድራማው ስንስቅ አመሸን።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ቀን በረዶ ጣለ። እሸት የደረሰው የአባባ ገብስ መሬት ላይ ተኛ። ቅዳሜ ሲመጡ ለገበያ የያዙት ነገር አልነበረም፤ ባናቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ፣ እናቴ ያቀረበችላቸውንም አልነኩም። ከዚያ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩና «እስቲ ሰብልዬ፣ ጫኔ ምን ሠራ?» አሉኝ።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ገብሳቸው ተኝቶባቸው የመጡትን ሰው ጫኔም ተኛ ልበላቸው? አፌን ከፈትሁ፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ነገርም ወጣ። ጫኔ፣ አልሁ፣ በሬው መጥፋቱን ማንም እንዳያወራ አዘዘ፣ ድንኳኑ ተጣለ፣ ሠርገኛው ተጠራ፣ ጫኔም በር ላይ ቆሞ እንግዶቹን አንድ በአንድ «ምሳ በልተዋል?» እያለ ጠየቀ። ሁሉም «ምን ነካህ፣ ሠርግ ተጠርቼ ቤቴ እበላለሁ?» አሉት፤ አንድ ሰውዬ ብቻ ሆዱን እየደባበሰ «እኔስ በልቼ ነው የመጣሁ» አለ። ጫኔ ካፖርቱን ሰብስቦ ዘሎ አነቀው። የሠርጉ ሥጋ እንደሌለ የሚያውቅ ሌባው ብቻ ነዋ!

የአባባ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ ከዚያ ባናቸውን አወለቁ።

«ይኸ ነው አውጫጭኝ!» አሉ ጉልበታቸውን እየመቱ። «ይኸ ነው መርማሪ!»

እኔም እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ሕጋቸውን ማፍረሴ ትዝ ያለኝ ከሄዱ በኋላ ነው፤ እሱንም ቶሎ ረሳሁት።

የሚቀጥለው ቅዳሜ አባባ ሳይመጡ ቀሩ። መስከረም እንደጠባ በነበረው ቅዳሜ መጡ፤ ግን ስለ ጫኔ አልጠየቁኝም። ጓዳ ገብተው ከእናቴ ጋር ሲያወሩ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ሰማኋቸው።

«ሰንበቴ ላይ አዳነ አሳፈረኝ» አሉ። አያ አዳነ የደብራቸው ሰው ናቸው፤ ያ ክፍል በታየበት እሑድ ከተማ ልጃቸው ቤት ውለው ኖሮ ድራማውን በዓይናቸው አይተውታል። «‹እንዲህ ያለ ነገር አልታየም፣ ጫኔ ተኝቶ ነው የዋለ› አለኝ በሰው ፊት። እኔም ታይቷል ብዬ ማልሁ።»

«እና አባዬ፣ በድራማ ነው እንዲህ የሚከፋዎት?»

«በድራማው አይደለም፣ ልጄ። የሁለቱን ወንድማማቾች የወሰን ጠብ እንድንሸመግል ተጠርተን የለም? ‹ያልሆነውን ሆነ ብሎ የሚምል ሰው ወሰን ላይ እንዴት ይቀመጣል?› አለ አዳነ። ልክ ነው። ልጅቱ ያየችውን ነው የምትነግረኝ፤ የቀላቀልሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ ሄደ፣ አሁን ደግሞ ልቤ እየሄደ ነው። ሽምግልናውን ለሌላ ሰው እለቃለሁ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አባባ ራሳቸውን ተጠራጠሩ እንጂ እኔን መጠርጠር አልመጣላቸውም። ዝም ብል አባባ ሳያረጁ የሚያረጁ መስሎ ታየኝና መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

«አባባ፣ ያየሁት አልነበረም። የመሰለኝን ነው የነገርሁዎት።»

እናቴ «ምን አልሽ አንቺ!» ብላ ብድግ ስትል አባባ በእጃቸው አስቀመጧት።

«ያ በልቶ የመጣው ሰውዬ ነገር፣ ማን አወጣው?»

«እኔ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «እንግዲያው ልቤ ደህና ነው» አሉ ለራሳቸው። ቀጥለውም ድምፃቸውን ጠንከር አድርገው «ነገ ሰንበቴው ላይ ትመጫለሽ። እዚያ የጠፋ ነገር እዚህ አይገኝም» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከእናቴ ጋር ወረድን። ጭቃው መጠንከር ጀምሮ ነበር፣ እኔ ግን መንገዱ ባያልቅ ወይም የአንዳችን ቁርጭምጭሚት ወለም ቢል ብዬ እመኝ ነበር። ቅዳሴው አለቀ፣ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ አባባም ትከሻዬን ይዘው መሐል አቆሙኝ። ሙሴ የሚባሉት የሰንበቴው አለቃ፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ሰው፣ ጎንበስ ብለው «ያየሽውን ተናገሪ፣ ልጄ» አሉኝ።

ተናገርሁ። ጫኔ እንደተኛ፣ የድሮ ቀልዱን እንደደገመ፣ ሰውዬው በር ከፍቶ እንደገባ፣ አንዲት ነገር ሳልጨምር ነገርኋቸው። ያን ደካማ ክፍል እንደዚያ ሳላሳምር መናገር እንዴት ከባድ ነበር! ከዚያ ስለ ምሳው ያለውን እኔ እንዳወጣሁት፣ አባባም የነገርኋቸውን ብቻ እንደተናገሩ ጨመርሁ።

«አላልኋችሁም? ተኝቶ ነው የዋለ!» አሉ አያ አዳነ ተነሥተው።

«ተቀመጥ አዳነ፣ በሬው ያንተ አይደለም» አላቸው አንድ ሰው ከኋላ፣ ሳቅም ተነሣ።

ሙሴው እጃቸውን አነሡ። «አዳነ ያየውን ተናገረ፣ ታከለ የሰማውን ተናገረ። ሁለቱም አልዋሹም። ታከለ ወሰኑ ላይ ይቀመጣል» አሉ። ቀና ስል አባባ ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ አየሁ። «ልጅቱ ግን ካሳ አለባት። የራሷን ነገር የሌላ ሰው ስም አልብሳ አመጣችልን። ከእንግዲህ የራሷን በራሷ ስም ታምጣ፤ የሚመጣው ሰንበቴ ላይ አንድ ታሪክ ትንገረን።»

አያ አዳነ ጥዋቸውን አስቀመጡና ራሳቸውን አከኩ። «እንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነን፣ እውነት ልናገር» አሉ። «የሷ ይሻላል።»

ካሳዬን ከፈልሁ። በዚያ በጋ፣ ገብስ እየታጨደ ጤፍ እየተወቃ፣ ለነዚያ ሽማግሌዎች ስንት ሌባ እንዳስያዝሁላቸው እኔም አላውቀው። አንዳንዱን ይወዱት ነበር፣ አንዳንዱ ሲነገር ጠላ ለመቅዳት የሚነሣው ሰው ይበዛ ነበር፤ እሱም አስተያየት ነው።

አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። መምህር ዮናስ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፣ እትዬ ጥሩ የፈለጉትን ድራማ በልጃቸው ስልክ ያያሉ፣ እናቴም እሑድ የምትቀቅለው ድንች ለቤታችን ሰው የሚበቃ ብቻ ነው። በቀደም ያን ክፍል ስልኬ ላይ አግኝቼ ደግሜ አየሁት። ከሥሩ ሰዎች አስተያየታቸውን ጽፈዋል፤ «ደካማ ክፍል» ይላል አንዱ፣ «ደራሲው ይቀየር» ይላል ሌላው፣ ብዙዎቹ ስማቸውን አልጻፉም። ልክ ናቸው፣ ክፍሉ ደካማ ነው። ግን አንዱ ሌላውን «አንቺ ደግሞ!» የሚለው የለም፣ ተናግሮ ሲያበቃ የሰው ፊት የሚያይ የለም። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ሁሉንም አነበብሁና ብቻዬን ፈገግ አልሁ።

አባባ አሁንም ጋፋት ናቸው፤ አንድ ዓይናቸውን ታክመው ጸጉሬ አለመሠራቱን ለመቆጣት የሚበቃ ያህል ያያሉ። ባለፈው ቅዳሜ ሲመጡ ደብተሬን አወጣሁና አዲስ የጻፍሁትን፣ ስለ ጠፋ የንብ ቀፎ የሚያወራ ታሪክ፣ አነበብሁላቸው። በትራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አልሳቁም።

«ይኸኛው ደከም ብሏል፣ ሰብልዬ» አሉ። «ሌባውን ገና በር ሲገባ አወቅሁት።»

በዘጠኝ ዓመቴ አባባ ሳይስቁ እንዳይሄዱብኝ ብዬ ያን ሁሉ አመጣሁ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሳይስቁ ሄዱ፤ ባጃጅ ድረስ ሸኝቻቸው፣ ፊት ለፊት የሚፈርድብኝ ሰው አለኝ ብዬ እየዘፈንሁ ተመለስሁ፣ ደብተሬን ዘረጋሁና ሌባውን ቀየርሁት።