ካሮቶቹ በስለዋል

የእንጀራ አባቴ ፈረንሳይኛ የለመዱት በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ባቡር ላይ ሲሠሩ ነው። እናቴን ሲያገቡ አሥር ዓመቴ ነበር። ማታ ማታ ደብተሬን ይዘው ቋንቋውን ያስጠኑኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ግን «ጋሼ» እንጂ «አባባ» ብያቸው አላውቅም፤ የሞተውን አባቴን የከዳሁት ይመስለኝ ነበር።

አምና ኮምቦልቻ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ አስተርጓሚ ሆንኩ። ከፈረንሳይ የመጣች መካኒክ የተበላሸውን ማሽን ፈታትታ የተቃጠለውን ሞተር አየችና ራሷን እየነቀነቀች አንድ ነገር አለች። እኔም ሳላስብ «ካሮቶቹ በስለዋል» ብዬ ተረጎምኩ።

ሠራተኞቹ ተያዩ። አንዱ፣ «ምሳ ደርሷል ማለቷ ነው?» ሲል ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። የምገባበት ጠፋኝ።

ከሥራ ወጥቼ ደሴ ቤታችን እንደደረስኩ ለጋሼ ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ልጄ፣ አለቀለት ማለቷ ነው። ካሮት የድሃ ምግብ ነበር አሉ፤ ከሥጋ ጋር ይቀቅሉታል። ካሮቱ ከበሰለማ በሬው ከታረደ ቆይቷል፤ ማን ይመልሰዋል?»

«ታዲያ ሞተሩ አለቀለት ብትል ምናለበት?»

«ሰው በሚበላው ነው የሚናገረው። ጓደኛን ‹ኮፓን› ይላሉ፤ ዳቦ አብሮሽ የሚቆርስ ማለት ነው። እኛስ ባልንጀራ እንል የለም? ባለ እንጀራ! ወላሂ፣ አንድ ነው።»

በማግስቱ አብረውኝ ፋብሪካው ድረስ እንዲወርዱ ለመንኳቸው። ኮታቸውን ለብሰው መጡ። መካኒኳ አነጋገራቸውን ስትሰማ ደነገጠች፤ «ልክ እንደ አያቴ ነው የሚያወሩት!» አለች። ምሳ ላይ ተረታቸውን ሲለዋወጡ እኔን ረሱኝ። ጋሼ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሱ መካኒኳ ወደ እኔ ዞር ብላ፣

«እንደ ጥሩ ዳቦ ደግ ናቸው። ምንሽ ናቸው?» አለችኝ።

የእንጀራ አባት በእነሱ ቋንቋ «ቆንጆ አባት» ነው የሚባለው። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«አባቴ ናቸው» አልኳት።

ዞር ስል ጋሼ ከኋላዬ ቆመዋል። እርጥብ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩና ተቀመጡ።

ሌላ ሞተር መጥቶ እስኪገጠም ሦስት ሳምንት ፈጀ። ጋሼም በየሐሙሱ እየወረዱ ከሴትዮዋ ጋር ምሳ ይበሉ ነበር። እናቴ ታዲያ፣ «እኔንስ ፈረንሳይኛ የሚያስተምረኝ የለም?» እያለች ታኮርፍ ነበር። አሁን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ያስተምሯታል፤ እስካሁን የያዘችው የምግብ ስም ብቻ ነው።